ብቻን የሚገባበት ጓዳ

ከላንግሊ ፓርክ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ፣ ከኋላዬ ተቀምጠው ሁለት ሴቶች ሲያወሩ የሰማሁት ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ያኔ አሜሪካን ገና እየለመድኩ ስለነበር አማርኛ በሰማሁበት ሁሉ ጆሮዬ ይቆም ነበር። ፊታቸውን አላየሁም። ዞሮ ማየት ነውር መስሎኝ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየሁ አዳመጥኩ።

«ገብቼ ልንበረከክ ስል ትራሱ ሙቅ ነው» አለች አንደኛዋ።

«ሰው ነበረ በያ!»

«ማንም የለም። ብቻዬን ነኝ አልኩሽ እኮ።»

«ታዲያ ማን አሞቀው?»

የሳቀች መሰለኝ። ምናልባትም ዝም ብላ ይሆናል፤ እዚህ ላይ ትዝታዬ ይደበዝዛል። ትራስ ትበል ምንጣፍ አሁን ደፍሬ መናገር አልችልም። ቀጥሎ ያለችውን ግን አልረሳሁም፦ «አጠገቤ የሚተነፍስ ያለ ይመስለኛል። ግን አልፈራም፤ እንዲያውም ደስ ነው የሚለኝ።»

«የጌታ ያለህ! እኔ በደጁም አላልፍ» አለቻት ጓደኛዋ። ከዚያ አውቶቡሱ ቆመና ወረዱ። የተቀመጡበት ወንበር ላይ አንዲት ሜክሲኳዊት ከነልጇ ተቀመጠች።

ያን ወሬ ደግሜ ያሰብኩት በፈረንጆቹ 2011 መጨረሻ፣ ብርዱ ሲገባ ነው። በዚያን ጊዜ ለካውንቲው የሳንባ ነቀርሳ ክሊኒክ አስተርጓሚ ሆኜ ነበር። እንግሊዝኛውን ከሬዲዮ፣ የበሽታውን ቋንቋ ደግሞ ክሊኒኩ ከሚያድላቸው ወረቀቶች ነው የለቀምኩት። ሥራው ማዳመጥ ነው። ሰው ያለውን ታደርሳለህ እንጂ ከራስህ አንዲት ቃል አትጨምርም። ለኔ ባሕርይ የሚስማማ ሥራ ስለሆነ እግዚአብሔርን አመሰግንበታለሁ።

አብሬያት የምዞረው ነርስ ብሩክታይት ትባላለች። በሽታው ከማን ወደ ማን እንደሄደ እየተከተለች መፈለግ ነው ሥራዋ። በአምስት ዓመቷ ስለመጣች አማርኛዋ እዚያው ዕድሜ ላይ ቆሟል፤ ሽማግሌውን አንተ፣ አሮጊቷን አንቺ ትላለች። «አማርኛዬ ኪንደርጋርተን ነው ጋሽ ምናሴ» ብላ ራሷ ትስቃለች። በዚያ ቀን ግን አልሳቀችም።

«ዊርድ ኬስ፣ ግራ የሚገባ ነገር ነው ያለኝ» አለችኝ የቢሮዋን በር ዘግታ። «ሁለት ሰዎች። አንዷ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዱ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ። ሁለቱም ሀበሻ። ላቦራቶሪው ጀርሙን ፈታትቶ አየው። ሴም ነው። መንታ በለው። ዋናዎቹ ሁለቱ መድኃኒቶች ምንም አያደርጉትም።»

«መድኃኒት የተላመደው ነው?»

«እሱ ነው።»

«አንዱ ላንዱ ሰጥቶት ነዋ።»

«ኖ። አይተዋወቁም። ደግሞ ሁለቱም ገና ጀማሪ ናቸው፤ አክታቸው ላይ ጀርሙ በጣም ትንሽ ነው፤ ለሰው የሚሰጡ አይመስለኝም። ሁለቱም ከሌላ ሰው ነው የወሰዱት።» ሦስተኛ ጣቷን አወጣች። «ይሄ ሰውዬ ወይም ሴትዮ በጣም ታሟል። የትም ክሊኒክ አልታየም።» ቀጥሎ ያለውን በእንግሊዝኛ ነው የነገረችኝ፤ እኔ ግን በልማዴ በሆዴ ወደ አማርኛ መለስኩት፦ ካላገኘሁት ይሞታል። እስኪሞት ደግሞ ይተነፍሳል።

መጀመሪያ የአሌክሳንድሪያውን የጤና ቢሮ አስፈቅደን ገላው ወደሚባለው በሽተኛ ሄድን። ገላው ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር የሚገፋ፣ ወደ አርባ የሚጠጋ ሰው ነው። ብሩክታይት ከቤቱ አስወጥታ የፓርኪንጉ ዳር ላይ ካለ አግዳሚ አስቀመጠችው፤ ነፋስ ያለበት ቦታ ይሻላል ብላ።

«እህቴ፣ ነርስ ነሽ ፖሊስ?» አላት ኮቱን እየሰበሰበ። «ቲቢው ሳይገድለኝ በብርድ ልትገድይኝ ነው።»

የሚበላበትን፣ የሚተኛበትን፣ በማን መኪና እንደሚሄድ፣ ቸርች የት እንደሚቀመጥ ጠየቀችው። ሁሉንም መለሰ። በሥራው ቦታም በቸርቹም የተመረመረው ሰው ሁሉ ንጹሕ ነበር።

«ሥራ በሌለህ ቀንስ?»

«ዘግቼ እጸልያለሁ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን ነዋ! ዘግቼ ስልሽ?»

ብቻውን ይጸልያል ብዬ ተረጎምኩላት። እሷም ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። ብቻውን ሆኖ በሽታ የሚይዘው ሰው የለማ።

በማግስቱ ወደ ሁለተኛዋ በሽተኛ፣ ወደ ዕድላዊት ሄድን። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ክፍል አፓርትመንት ነው። አዛውንቶችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ትንከባከብ ነበር። አሁን ሥራ ተከልክላ፣ ሕፃን ልጇም ቤልትስቪል ያለች እህቷ ዘንድ ሄዶባት ብቻዋን ተቀምጣለች። የሕፃኑ አልጋ ከሶፋው አጠገብ ባዶውን ቆሟል። ጥያቄዎቹ ያው ናቸው፤ መልሶቿም ከገላው አይለዩም። አንድ ቦታ ላይ ስንደርስ ግን ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ትርፍ ጊዜ ካገኘሁ ዘግቼ እጸልያለሁ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

ያች «ብቻዬን» ነች የያዘችኝ። ገላውም ልክ እንደዚሁ ነበር ያላት፤ ትንሽ ኩራት፣ ትንሽ ደግሞ ሽሽት አለባት። ስለ ገላው ለዕድላዊት መንገር አይፈቀድልኝም፤ እንዲህ ያለ ሰው እንዳለም ማወቅ የለባትም። ዝም ብዬ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ስንገባ ግን ለብሩክታይት ነገርኳት። ስለ አውቶቡሱ ሴቶችም ጨመርኩላት፤ ለምን እንደጨመርኩ አላውቅም፣ ከንፈሬ ላይ መጣ።

ብሩክታይት መኪናዋን አንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ፊት ለፊት አቆመች። እጇን ከመሪው ሳታነሣ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሽ ምናሴ፣ እኛ ‹ከማን ጋር› እያልን ነው የምንጠይቀው» አለች። «ብቻቸውን ሲሆኑ የት እንደሆኑ ጠይቀን እናውቃለን?»

ተመለስን። ዕድላዊት በሩን ስትከፍት ምን ልንጠይቃት እንደመጣን ያወቀች ይመስል ወደ ኋላ አለች።

«የምትጸልዪበት ቦታ የት ነው?»

«አይነገርም።»

«ማን ከለከለሽ?»

«ማንም አልከለከለኝም። ግን አይነገርም። ከተነገረማ ምኑን ዘጋሁት?» የሕፃኑን አልጋ አየች። ከዚያ ዓይኗን ሳታነሣ ተናገረች።

ወደ ታኮማ ፓርክ መውጫ ላይ የአንዲት እናት ቤት አለ። በጓሮ በኩል ወደ ቤዝመንት፣ ወደ ምድር ቤቱ፣ የሚያስገባ በር አለው፤ ቁልፉ ከአበባው ማሰሮ ሥር ይቀመጣል። ከበሩ በላይ አንዲት አምፖል አለች። ከበራች ውስጥ ሰው አለ ማለት ነው፤ መኪናህ ውስጥ ሆነህ ትጠብቃለህ። ስትጠፋ ትገባለህ፤ ከውስጡ መብራት ጋር በአንድ ማብሪያ ታበራታለህ፤ ስትወጣ ታጠፋታለህ። ማን እንደወጣ አታይም፤ ፊትህን ታዞራለህ። የሚወጣውም ያዞራል። ማንም ማንንም አይጠይቅም።

«ትራሱ ይሞቃል?» አልኳት። ከራሴ የጨመርኳት ቃል ነበረች።

ዕድላዊት ደነገጠች። «ማን ነገረህ?» አለችኝ፤ ከዚያ በሹክሹክታ፣ «ውስጥ የሚተነፍስ አለ። እኔን ብቻ የሚጎበኘኝ መስሎኝ እኮ ነው።»

ብሩክታይት «ምን አለች? ምን አለች?» እያለች ክንዴን ነቀነቀችኝ። ተረጎምኩላት። ብዙ ሰው መቼ እንደሚገባ እንድጠይቃት አዘዘችኝ።

«በጾም ጸሎቱ ሳምንት አምፖሏ ለአፍታም አትጠፋም፤ ሰው ላይ ሰው ነው» አለች ዕድላዊት። «ሰኞ ይጀመራል።»

የቤቱ ባለቤት እትዬ አበዛሽ ይባላሉ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ስንደርስ ፊት ለፊት ባለው በር በደስታ ነው የተቀበሉን። ከቤተ ክርስቲያን የተላክን መስሏቸው ነበር።

«እማማ፣ አንቺ ብቻሽን ነው የምትኖሪው?» አለቻቸው ብሩክታይት።

እትዬ አበዛሽ ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺ ልጅ አንቺ አለችኝ ወይስ ጆሮዬ ነው?»

«አማርኛዋ ልጅ ነው እትዬ፣ ይቅር ይበሏት።»

«ግድ የለም፣ እንደ እናቷ አይታኝ ነው» ብለው ትከሻዋን መታ አደረጉላት።

የመጣንበትን ስንነግራቸው ደስታው ከፊታቸው ቀስ እያለ ወረደ። ጓዳውን ለማሳየት ግን አላቅማሙም። ወደ ጓሮ አወጡን። አምፖሏ ጠፍታለች። ብሩክታይት በሩን ከመንካቷ በፊት ወፍራሙን ማስክ አደረገች፤ ለኔም ሰጠችኝ፤ የአፍንጫዬን ጎን በጣቶቿ ጫን ጫን አድርጋ አስተካከለችልኝ።

ጓዳው ሁለት ሰው በአግባቡ የማይቆምበት ነው። መስኮት የለውም። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ምንጣፍ ተመትቶበታል፤ የበሩ ጠርዝ ዙሪያውን ጎማ አለው፤ የማሞቂያው ቀዳዳ በአሮጌ ብርድ ልብስ ተወትፏል። መሬት ላይ አንድ ትራስ አለ፤ ሌላ ምንም የለም።

«ባለቤቴ ሲታመም እምጮኽበት አጣሁ» አሉ እትዬ አበዛሽ ከደጅ ሆነው። «አፓርትመንት ውስጥ ለጌታ ድምፅህን ከፍ ብታደርግ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል። ይኼን ቤት ስገዛ ለሚጮኽ ሁሉ ይሁን ብዬ ለእግዚአብሔር ሰጠሁት። ድምፅ አይወጣም እንዲያው።»

ብሩክታይት ከኪሷ ሶፍት አውጥታ በቀጭኑ ቀደደችና ከፍ አድርጋ ያዘችው። ነፋስ ካለ ወረቀቱ ይነቃነቃል። በሩ ጥግ፣ ጣሪያው ሥር፣ ከተወተፈው ቀዳዳ አጠገብ ያዘችው። ወረቀቱ እንደ ሞተ ነገር ተንጠለጠለ።

«የገባው አይወጣም» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ!» አሉ እትዬ አበዛሽ፣ የተረዱላቸው መስሏቸው። «እኔም የምለው ይኼንኑ ነው። የስንቱ ጸሎት ተጠራቅሞበታል። ሰው ይውጣ ይግባ፣ ይኼ ክፍል ባዶ ሆኖ አያውቅም።»

እኔ ያን ጊዜ በማስኩ ውስጥ የራሴን ትንፋሽ እየሰማሁ ነበር። ገባ፣ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ከትንፋሾቹ አንዱ የኔ ያልሆነ መሰለኝ። ትንፋሼን ያዝኩ። ሌላው ቀጠለ፣ ወይም የቀጠለ መሰለኝ። በሆዴ ጌታ ሆይ ብዬ ወጣሁ። ትራሱን በእጄ ለመንካት አልደፈርኩም።

ኩሽናቸው ከጓዳው በላይ ነው። ሻይ ቀዱልን። በጓሮ በኩል ያለው መስኮት መጋረጃ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።

«ማን ማን እንደሚገባ ንገሪን እማማ።»

«አላውቅም። ላላይ ምያለሁ። ይኸው መጋረጃው።»

«የሚያስል ሰውስ ሰምተሻል?»

«የሚያስል? የለም። የሚያለቅስ አለ፣ የሚጮኽ አለ፣ በልሳን የሚናገር አለ።» ፊታቸው በራ። «አንድ ግን አለ፣ የሚቃትት። ከፋሲካ ወዲህ ነው የጀመረው። ቃል የለውም፣ መቃተት ብቻ። እንዲህ ያለ ምልጃ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። እሱ ሲመጣ የያዝኩትን ጥዬ እዚሁ ወለሉ ላይ እንበረከካለሁ። እሱ ከታች፣ እኔ ከላይ፣ አሜን እያልኩ አብሬው…»

ድንገት ጣታቸውን ወደ ወለሉ ቀሰሩ።

«ያው። መጣ።»

ከእግራችን ሥር ወፍራም፣ የታፈነ ድምፅ ተነሣ። የሰው ድምፅ መሆኑ ያስታውቃል፤ ግን አፍ ያለው አይመስልም። ተነሣ፣ ተሰበረ፣ ቆየ። ደግሞ ተነሣ። ሻዩ በብርጭቆው ውስጥ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። እትዬ አበዛሽ ወዲያው ተንበረከኩ። ብሩክታይትም ብርጭቆዋን አስቀምጣ ከጎናቸው በጉልበቷ ወረደችና ጆሮዋን ከወለሉ ለጠፈች። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን እንዲህ ሆነው ቆዩ፤ አንዷ ዓይኗን ጨፍና አሜን ትላለች፣ ሌላዋ ዓይኗን ከፍታ ታዳምጣለች።

ብሩክታይት ቀና ስትል ፊቷ ነጥቷል። «ንገራት ጋሽ ምናሴ። ሳል ነው። ምንጣፉና ወለሉ ጫፉን ስለበሉት ነው እንዲህ የሚሰማው። ውስጡ ያለቀ ሳንባ ነው እንዲህ የሚያስለው።»

በዚያ ሥራ እንደዚያ የከበደኝ ቃል የለም። ነገርኳቸው።

«አይደለም» አሉ።

ደግሜ ነገርኳቸው።

«አይደለም አልኩህ!» ደግሞ አዳመጡ። ድምፁ ደግሞ ተነሣ። እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ። «ይኼን ሁሉ ጊዜ አሜን ስልበት…» አሉና አልጨረሱትም።

ወደ ጓሮ ወጣን። አምፖሏ በቀን ብርሃን ቢጫ ሆና በርታለች። ከአጥሩ ወዲያ አንዲት መኪና ቆማለች፤ ውስጥ ያለችው ሴት ፊቷን ወደ ሌላ አዙራለች። ብሩክታይት ሄዳ መስኮቷን አንኳኳችና ዛሬ ዝግ ነው አለቻት። ሴትዮዋ ሳትዞር፣ «መብራቱ ሲጠፋ እገባለሁ» አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም። ብሩክታይት ተመልሳ እንደ በረኛ ከበሩ ፊት ቆመች።

አንኳኳሁ። መልስ የለም።

«ወንድሜ!» አልኩ። «ወንድሜ፣ ለደግ ነው የመጣነው!»

በቡጢዬ ደበደብኩ። ምንም። ከጎማው ጀርባ ሳሉ መጣ፤ ከሳሉ በኋላ ደግሞ ዝቅ ያለ ዜማ ተከተለ። እየዘመረ ነው። ከበሩ ወዲህ ሦስት ሰው ቆሞ እየጮኸ፣ እሱ ማንም እንደሌለ ሆኖ ይዘምራል። አንድ ቀዝቃዛ ሐሳብ መጣብኝ፤ ምናልባት የሌለነው እኛ ነን የሚል።

«ይክፈቱት እትዬ» አልኩ።

«መብራቱ በርቶ ያ በር ተከፍቶ አያውቅም። ለእግዚአብሔር ምያለሁ።»

ብሩክታይትም አልገፋፋቻቸውም። በግድ ለማስወጣት የዳኛ ወረቀት ያስፈልጋል፤ እስከዚያ ደግሞ ከሮጠብን ስሙን እንኳ አናውቀውም፤ ዳግመኛ አይመጣም። ፀሐይዋ ከዛፎቹ ጀርባ እየወረደች ነው። መኪናዋ ውስጥ ያለችው ሴት አልተንቀሳቀሰችም።

እትዬ አበዛሽ አምፖሏን ብዙ አዩ።

«በሩን አልከፍትም» አሉ በመጨረሻ። «መብራቱ ግን የኔ ቤት መብራት ነው።» ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ውስጥ ገቡ። የቤቱ ኮረንቲ የሚቋረጥበት የብሬከሩ ሳጥን ሲከፈት በመስኮቱ ተሰማን። ቀጭ አለ፤ አምፖሏ ጠፋች።

የመኪናው በር ተከፈተ። ሴትዮዋ ወረደች።

«ኖ!» ብላ ጮኸች ብሩክታይት እጇን ዘርግታ። ሴትዮዋ ባለችበት ቀረች። በዚያው ቅጽበት የጓዳው በር ጎማውን እየጎተተ ተከፈተ።

ሳላስበው ፊቴን አዞርኩ። ሕጉን ከሰማሁ ገና አንድ ቀኔ ነው፤ አንገቴ ግን ታዘዘው። እትዬ አበዛሽም ከበረንዳቸው ፊታቸውን አዙረዋል። ብሩክታይት ብቻ ነች ያየችው።

«መብራቱ ሄደ! ሰው አለ?» የሚል ድምፅ መጣ፤ ከሚገባው በላይ የጮኸ ድምፅ።

ዞርኩ። ሰውየው ረጅም ነው፤ ኮቱ ከእንጨት ላይ የተሰቀለ ይመስላል። ዓይኑ ከአንዳችን አፍ ወደ ሌላችን አፍ ይዘዋወራል። ከብሩክታይት ደረት ላይ ያለውን መታወቂያ ሲያይ ትከሻው ወደቀ።

«እናንተ ናችሁ?» አለ፣ ሲጠብቀን እንደኖረ። «አገኛችሁኝ።»

ይስሐቅ እባላለሁ አለ። እኔ የምናገረው ግን አይደርሰውም፤ መንገዱ ላይ መኪና ይንጫጫል፣ ነፋስ አለ። ጆሮውን አሳየን። «እዚህ አይሰማኝም። ግቡ። እዚያ ውስጥ ከሆነ እሰማለሁ።»

ብሩክታይት በእንግሊዝኛ እንደማይሆን ነገረችኝ፤ ወዲያው ደግሞ ሌላ መንገድ እንደሌለ ነገረችኝ። ለእሱ ማስክ ሰጠችው፤ የኔን ማስክ ጎንና ጎን እንደገና ዳሰሰች። «በጎን በኩል አየር ከተሰማህ ወዲያው ውጣ። በሩ አይዘጋም።»

«በሩ ከተከፈተ አልሰማም!» አለ ይስሐቅ፣ የእጇን ምልክት አይቶ።

ተጠጋግተን ሦስታችንም ገባን፤ ብሩክታይት ግን እግሯን በበሩ መካከል አስገባች። የቦት ጫማዋ ያህል ክፍተት ቀረ። ኮረንቲው ጠፍቷል፤ ውስጡ ጨለማ ነው። ምንጣፉ የዓለሙን ድምፅ ሁሉ ጠጥቶት የሦስታችን ትንፋሽ ብቻ ቀረ።

«አሁን ተናገር» አለኝ። እዚህ ውስጥ ድምፁ የጨዋ ሰው ድምፅ ነበር።

ማን እንደሆንን ነገርኩት። እሱም ነገረኝ። አገር ቤት ታሞ መርፌ ይወጋ ነበር። መርፌው ሳሉን ሲያስታግስለት ጆሮውን ወሰደው፤ ቀኙ ደነቆረ፣ ግራው ቀን ከሌት ይጮኻል። በመሐል የጉብኝት ቪዛ መጣለት፤ መድኃኒቱን ጥሎ ዘመዱ ዘንድ መጣ። ሳሉ ሲመለስ ለማንም አልተናገረም።

«ሰው ሲያናግረኝ ከውኃ በታች ያለሁ ይመስለኛል» አለ። «እዚህ ክፍል ውስጥ ግን ድምፄን እሰማለሁ። ጌታን የጠራሁት እኔ መሆኔን አውቃለሁ። ይቺን የቀረችኝን ጆሮ ደግሞ ለመርፌ ልስጥ?»

ለብሩክታይት በሹክሹክታ አደረስኩላት። እሷም የምለውን ነገረችኝ።

«ካንተ በኋላ እዚህ የሚገቡ አሉ» አልኩት።

ትንፋሹ ቆመ።

«እኔ ብቻ እኮ ነኝ» አለ። «መብራቱ ሁሌም ጠፍቶ ነው የማገኘው።»

«እነሱም ጠፍቶ ነው የሚያገኙት። የተነፈስከው ግን አይወጣም። ይጠብቃቸዋል።»

«ሰው እንዳልጎዳ ብዬ እኮ ነው!» ድምፁ ተሰበረ። «አውቶቡስ ውስጥ አልቀመጥም። ቸርች አልገባም። የዘመዴ ልጆች ሲመጡ እወጣለሁ። ማንም የሌለበት ቦታ ይኼ አንድ ብቻ መስሎኝ…» ሳል ጣለው። በማስኩ ላይ እጁን ጭኖ እስኪያልፍለት ተንበርክኮ ቆየ። ዓይኔ ጨለማውን ስለለመደ ግንባሩ ትራሱን ሲነካ አየሁ። «የታመመ አለ?»

«ልነግርህ አልችልም። ለምን እንደመጣን ግን አስብ።»

ከትራሱ ቀና አለ። ከበሩ ክፍተት ቀጭን ብርድ ይገባል። በመጨረሻ፣ «መርፌ ይቀርልኛል?» አለ።

ብሩክታይት አልዋሸችውም። ሐኪሞቹ ሌላ መድኃኒት ሁሉ ይሞክራሉ፤ ያለ መርፌ ይሆናል ብላ ግን ቃል አትገባም። ጆሮው በየጊዜው ይለካል፤ መቀነስ ከጀመረ ይቆማል ወይም ይለወጣል፤ አንዳንዴ ግን ከቆመም በኋላ የሄደው አይመለስም። ቃል በቃል አደረስኩለት፤ አንዱንም አላለዘብኩትም።

«አንተ ብትሆንስ?» አለኝ።

ጥያቄውን ወደ እንግሊዝኛ ልመልሰው አፌን ስከፍት፣ ብሩክታይት በአማርኛዋ፣ «ጋሽ ምናሴ፣ አንተን ነው የጠየቀህ» አለችኝ።

«እኔ በጆሮዬ ነው የምኖረው» አልኩት። «እፈራ ነበር። በጣም ነው የምፈራው።»

«እሺ፣ አንተም ትፈራለህ» አለ፤ ትንፋሹ ቀለል ያለ መሰለኝ። እጁን ወደ ግድግዳው ዘርግቶ ምንጣፉን ተደግፎ ተነሣ።

ውጭ እትዬ አበዛሽ በረንዳቸው ላይ ናቸው። ሴትዮዋን ወደ ቤታቸው አስገብተው ሻይ ሰጥተዋታል፤ ብሩክታይትን ሲያዩ፣ «በሩ ላይ የምትለጥፊውን ማስታወቂያ አምጪ፣ የገባ ሁሉ ይመርመር፤ እኔም እመረመራለሁ» አሏት። ይስሐቅን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አዩት። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

ብሩክታይት የመኪናዋን አራቱንም መስኮት አወረደች። ይስሐቅ የኋላውን በር ይዞ ቆመና ወደ እኔ ዞረ፤ ነፋሱ ስለነበረ እየጮኸ ነው የተናገረው።

«ንገራት! ሆስፒታል እገባለሁ። ክኒኑን ፊታቸው እውጣለሁ። መርፌውንም ይውጉኝ፤ ግን ከመርፌው በፊት ጆሮዬን ይለኩት፤ ሲቀንስ አይደብቁኝ!»

ነገርኳት። ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ገባና ተቀመጠ።